ርዕሰ አንቀጽ፦ የቡችሎቹ ባለቤት ማን ነው?



ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ከድልድዩ በታች ካለው የውሃ መውረጃ ቱቦ አጠገብ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ተጥሎ መገኘቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በውስጡ ስድስት ቡችሎች ነበሩበት። ዓይናቸውን ከገለጡ ገና ጥቂት ቀን ቢሆናቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ስላደረ ሁለቱ ሞተው ተገኙ፤ አራቱ እየተንቀጠቀጡ ያለቅሱ ነበር። ልጆቻችን የክረምት ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ወሬው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ቡችሎቹም በሹራብ እየተጠቀለሉ ወደየቤቱ ተወሰዱ። በጊዜው ሁላችንም «እሰይ፣ ተረፉ» ብለን ጉዳዩን ዘጋነው።

ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። በኅዳር ወር ከአራቱ አንዱ፣ አድጎ በየበሩ ትርፍራፊ እየለቀመ የሚውል ውሻ ሆኖ፣ ከሱቅ ዳቦ ይዛ የምትመለስ የሰባት ዓመት ልጅ እጇን ነከሳት። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ውሻው ተከትቦ እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቱ ሲፈለግ ግን ባለቤት ጠፋ። ያሳደጉት ልጆች ቤተሰብ «ልጆቹ ምግብ ይሰጡታል እንጂ እኛ አላሳደግነውም» አሉ። ቀጥሎ ያለው ግቢ ደግሞ «እዚህ ይተኛል እንጂ የኛ አይደለም» አለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያበላው ሰው ግን በዚያን ዕለት ድምፁ አልተሰማም። ውሻው ራሱም በሁለተኛው ቀን የገባበት ጠፋ። ይታመም አይታመም እንደሆነ ጠብቆ ለማየት እንኳ አልተቻለም።

የልጅቷ እናት በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ሥራቸውን እያስተጓጎሉ ልጃቸውን ለክትባት ሲያመላልሱ፣ ለትራንስፖርት ከጎረቤት ሲበደሩ፣ ልጅቷ ሌሊት ትንሽ ባተኮሳት ቁጥር «መጣብኝ» እያሉ ሲደነግጡ ሰነበቱ። ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኋላ ሲጣራ የካርቶኑ ነገር ታወቀ። የቡችሎቹ እናት የምትኖረው ከዚህ ማኅበር የኮሚቴ አባላት በአንዱ ግቢ ውስጥ ነው። አባላችን ውሻቸው ስድስት በወለደች ጊዜ ለዘበኛቸው «እባክህ አንድ ነገር አድርጋቸው» ብለው ወደ ሥራ ሄዱ። ምን እንዲያደርጋቸው እንደፈለጉ አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም። ማታ ሲመለሱ ቡችሎቹ የሉም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ይህ እንዲጻፍ በስብሰባ ላይ ራሳቸው ፈቅደዋል። ስማቸውን የማንጽፈው ልንሸፋፍንላቸው ብለን አይደለም፤ ጥፋቱ የሳቸው ብቻ ባለመሆኑ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ከተቀመጥነው ሰባት ሰዎች መካከል «አንድ ነገር አድርጋቸው» የሚለውን ቃል በሕይወቱ ያልተናገረ ሁለት ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ስንጽፍ በውሻ ላይ ጥላቻ እንዳለን ተቆጥሮ እንዳይወሰድብን እንለምናለን። ውሻ ባይኖር ኖሮ ስንት ቆርቆሮ አጥር ስንት ጊዜ ይዘለል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶቻችንም ውሻ ከዘበኛ በላይ ነው፤ ጓደኛ ነው። የምንነጋገረው ስለ ውሻ መኖር ሳይሆን ስለ ውሻ መውለድ ነው።

«ውሻ ማራባት» ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው የፈረንጅ ውሻ አስገብቶ፣ ወንድና ሴት አጣምሮ፣ ቡችላ የሚሸጥ ሰው ነው። ራሳችንን ከዚያ ውስጥ አንቆጥርም። «እኛ አላራባንም፤ ወለደች እንጂ» እንላለን። ይህ አነጋገር በእኛ አስተያየት ሊታረም ይገባዋል። ሴት ውሻውን በስሪያዋ ሰሞን በሩን ከፍቶ የለቀቀ ሰው ውሻ አራብቷል። ገንዘብ ስላልተቀበለበት ብቻ አላራባም አይባልም። እንዲያውም ለገንዘብ የሚያራባው ሰው ቡችላዎቹ እንዳይሞቱበት ይጠነቀቃል፤ ሳያስበው የሚያራባው ግን የሚጠነቀቅበት ምክንያት እንኳ የለውም።

እስቲ ስለ በሩ ትንሽ እናብራራ። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። በስድስት ወሯ እሷ ራሷ ገና ቡችላ ናት፤ ቢሆንም ማርገዝ ትችላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ በመጣ ቁጥርም ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደም ስታሳይ ያስራታል፤ ደሙ ሲገረጣና ሲቀንስ «አለፈላት» ብሎ ይፈታታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንድ የምትቀበለውና የምትጸንሰው ብዙውን ጊዜ ደሙ መገርጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ በትክክል ልትዘጋባት በሚገባው ሳምንት ትለቃታለህ ማለት ነው! ከፊት ለፊታችን ያለው ግቢ ውሻ በአንድ ወላድ ጥቁር፣ ነጭ ዝንጉርጉርና ቡላ ቡችላ ስትወልድ ሰው ተገርሞ ነበር። የሚያስገርም ነገር የለውም። ሴት ውሻ በአንድ ሰሞን ከተለያዩ ወንዶች ልትጸንስ ትችላለች።

እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። አንድ ወላድ አምስት ስድስት ቡችላ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ትልልቆቹ ዝርያዎች አሥርና ከዚያም በላይ ይወልዳሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ብትወልድ አሥር መሆኑ ነው። ታዲያ በሰፈራችን ውስጥ አዲስ ውሻ የሚፈልግ ቤት በዓመት ስንት ነው? ጠይቀን ነበር፤ የጠየቅናቸው ሁሉ «የሚሰጠው ሰው አያጣም» ነው ያሉን። የሚሰጠውን ሰው ስሙን ሊነግረን የቻለ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ነሐሴ ወር (እ.ኤ.አ. 1903) በአዲስ አበባ ወረርሽኙ እንደነበረ ተመዝግቧል። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ላይ ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አድኖት ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት እጅግ አልፎታል፤ ሰው ግን ዛሬም ይሞታል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተነካሾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

ይህ ከቡችላ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። በጣም ይገናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። በምሳሌ እንየው። አንድ ሰፈር 40 ውሾች አሉት እንበል። ነዋሪዎቹ ተባብረው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ 30ዎቹን አስከተቡ። 75 በመቶ ሆነ፤ ሰፈሩ በደህና ጎን ነው። በዚያው ዓመት ሦስት ውሾች ብቻ አምስት አምስት ቡችላ ወለዱ፤ ማንም አላስከተባቸውም። ውሾቹ 55 ሆኑ፣ የተከተቡት ያው 30 ናቸው። ከመቶ ወደ 55 ወረደ። ማንም ሰው ክፉ ሥራ አልሠራም፤ ሦስት በር ብቻ ተከፍቶ አደረ። የሠላሳው ቤት ወጪና ድካም ግን ከንቱ ሆነ። ቡችላ ያልተከተበ ውሻ ማለት ነው፤ ቡችላ በበዛ ቁጥር ያልተከተበው ይበዛል። ደግሞም ልጆች የሚያቅፉት፣ ፊታቸውን የሚያስልሱት፣ ጣታቸውን የሚያስነክሱት ትልቁን ውሻ ሳይሆን ቡችላውን ነው። ቡችላም ያብዳል። «ገና ጥርስ ሲያወጣ ነው የሚናከሰው» ተብሎ የተናቀ ንክሻ እንዳይኖር አደራ እንላለን።

የተነከሰ ሰው ወይም ቁስሉን ውሻ የላሰው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ በሰዓት ሲቆጠር ረጅም ነው፤ ይቆጠር። ቡና መነስነስ፣ አመድ መደምደም፣ ሽንኩርት ማሸት አያስፈልግም። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ በአገር መድኃኒት የሚያምንም ይመን፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳያዘገይበት እንማጸናለን። በሽታው በሰውነት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አድብቶ ስለሚቆይ «ሳምንት አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ማለት ሰውን ብዙ ጊዜ አታሏል። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ ወዲያውኑ ለጤና ጣቢያው ይነገር። ለዚህም ነው «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የክርክር ማሟሟቂያ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ የሆነው። የልጅቷ እናት ያን ሁሉ ሌሊት የተጨነቁት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለጠፋ ነው።

በነገራችን ላይ ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች የሆነው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 በእብድ ውሻ በሽታ አልቋል። ያመጡበትም የእረኞችና የመንደር ውሾች ናቸው። እነዚያም ውሾች ባለቤት ነበራቸው።

ለሽያጭ ብለው ወደሚያራቡት ደግሞ እንመለስ። በሰፈራችን ሦስት አራት ወጣቶች ከዚህ ሥራ ገቢ ያገኛሉ። ሥራ በጠፋበት ዘመን ሠርቶ የሚበላን ወጣት አናሳድድም፤ እንዲያውም በደንብ ከሠሩት ከነሱ የምንማረው ይኖራል። ነገር ግን መንገድ ዳር ቡችላ በእጁ አንጠልጥሎ መኪና የሚያስቆመውን ልጅ ስናይ የምንጠይቀው አለን። ቡችላው ስንት ሳምንቱ ነው? ከእናቱ መለየት የሚገባው ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው፤ በአራት በአምስት ሳምንቱ የተነጠለ ቡችላ በቀላሉ ይታመማል፣ ሲያድግም ፈሪና ተናካሽ የመሆን ዕድሉ ይበዛል። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውን፣ ልጅን፣ የመኪናን ድምፅ ካልተላመደ በኋላ ማስተማር አስቸጋሪ ነው። «ክፉ ይሁንልኝ» ብሎ ቡችላን ጨለማ ቤት ዘግቶ የሚያሳድግ ሰው የሚያገኘው ጎበዝ ጠባቂ ሳይሆን ሌባና እንግዳ፣ ሌባና የቤት ልጅ የማይለይ ውሻ ነው።

ሌላው ዝርያ የሚሉት ነገር ነው። «ፒዩር ነው» ለማለት አባትን ከሴት ልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ የሚያገናኙ አሉ። የተደበቀ ሕመም ሁሉ በዚህ መንገድ ይወጣል። በጀርመን ሸፐርድና በሮትዋይለር የሚታወቀው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። ውሻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከመሬት መነሳት ያቅተዋል፤ ገዢውም የሰጠው ገንዘብ ቀርቶ ለማሳከም ተጨማሪ ያወጣል። አራቢው የእናቱንም የአባቱንም ዳሌ በራጅ ቢያሳይ፣ ካልሆነም ያነከሰ ዘር ለስሪያ ባያቀርብ ይህ ሁሉ ይቀንስ ነበር። እናትየዋም በመጀመሪያ ስሪያዋ ባትጠቃ፣ ሁለት ዓመት ገደማ እስኪሆናት ብትጠበቅ፣ ከወለደችም በኋላ ቀጣዩ ወቅት ቢዘለልላት መልካም ነው። ውሻ ማሽን አይደለችም። በየስድስት ወሩ እየወለደች አጥንቷ ወጥቶ፣ ጡቷ መሬት እየጠረገ የምትሄድ ውሻ በየትኛው ግቢ እንዳለች እዚህ ላይ አንናገርም፤ ባለቤቷ ያውቃል።

ምጥም ያለ አደጋ አያልፍም። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ቡችላ ካልወጣ፣ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ፣ ወይም ገና አንድም ሳትወልድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል። ትንሿን የሳሎን ውሻ ከግዙፍ ወንድ ያገናኘ ሰው ደግሞ የሐኪሙን ስልክ አስቀድሞ ይያዝ። ከወለደች በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስታጠባ ድንገት ብትንቀጠቀጥና ብትገተር፣ በወተቱ ብዛት ካልሲየም ጎድሎባት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። እንዲሁም በስሪያ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ፣ በብልት ላይ ደም የሚያፈስ እብጠት የሚያወጣ የነቀርሳ ዓይነት አለ። በመንገድ ውሾች ላይ የምናየው እሱ ነው። ወንድ ውሻውን «ይዙርና ይጥገብ» ብሎ የሚለቅ ሰው ይህንንም ይዞለት እንደሚመጣ ይወቅ። ስለ ወንዱ ባለቤት ከተነሳ አይቀር፣ ቡችላ ሲያምር አንዱን መርጦ የሚወስድ፣ ሲበዛ ግን «እናትየዋ ያንተ ናት» የሚል ጎረቤት አለን። አባትነት በግማሽ አይሆንም።

ስለ ቡችላ በሽታ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ አንዱን ብቻ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ በዓለም ላይ የተነሣው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችሎችን በደም ተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሳል። አፈር ውስጥም ለብዙ ወራት ይቆያል። ቡችሎች ያለቁበት ግቢ ውስጥ ወዲያው ሌላ ቡችላ ማምጣት ገንዘብን ከመጣል አይለይም። መከላከያው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ እየተደጋገመ የሚሰጥ ክትባት ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ በሦስት ወር ይሰጣል።

የሆድ ትልንም አንርሳ። ቡችላ ከእናቱ ማኅፀንና ከጡቷ ወተት ትል ይዞ ይወለዳል፣ ያድጋልም፤ በኩሱ የተበከለ አፈር የነካ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ቢበላ ወደ እሱ ይተላለፋል፣ ዓይንን እስከመጉዳትም ይደርሳል። ስለዚህ ቡችሎቹ ሁለት ሳምንት ሲሆናቸው ጀምሮ እነሱም እናታቸውም የትል መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የበዓል ዕርድ ነው። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በዒድ በግ ስናርድ በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እናገኛለን። ይህን «ለሰው አይሆንም» ብለን ቆርጠን የምንጥልለት ለማን ነው? ለውሻ፤ ያውም «አራስ ናት፣ ትጠገን» ብለን። ያ ከረጢት የትል ልጆች የተሞላ ነው። በውሻዋ አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ ከኩሷ ጋር ወጥቶ በሣሩና በእጃችን በኩል ወደ ሰው ሲገባ ያው ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይበቅላል፤ ለዓመታት አድጎ በኦፕራሲዮን እስከመውጣት ይደርሳል። ለአራሷ ማዘናችሁ ጥሩ ነው። ከረጢት ያለበት ሥጋ ግን ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ ሌላውም ሳይቀቀል አይሰጣት።

«ታዲያ የበዙትን ማዘጋጃ ቤት አያስወግድም ወይ?» የሚል አስተያየት በሣጥናችን ገብቶ አግኝተናል። በከተማችን ባለቤት የለሽ ውሾችን በመርዝ ሥጋ መግደል ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ታናናሾቻችን ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር አረፋ ደፍቆ የሚንፈራገጥ ውሻ ያዩበት ጊዜ ከኛ አልጠፋም። ያ ሁሉ ሞቶ ውሻ ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም። የሞተውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣው ይይዘዋል፤ የተረፉትም ምግቡ ስለሚበቃቸው ይወልዱበታል። መርዙ ደግሞ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ዘንድሮም ጥያቄውን ወደ ሌላ ማሳለፍ አይቻልም፤ የመንገድ ውሻ የምንለው ወይም እሱ ራሱ ወይም እናቱ ከአንዳችን ግቢ የወጣ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፣ የደረሰውም ጉዳት ሊገመት የማይችል ቢሆንም፣ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚለው መልስ አያድንም ማለት ነው። በጉርብትና ደረጃ ደግሞ ከሕግ በፊት ይሉኝታ አለ። ለሶላት ታጥበው፣ ልብሳቸውን ጠብቀው የሚወጡ ጎረቤቶቻችን፣ ነጠላቸውን ለብሰው ለቅዳሴ ማልደው የሚሄዱ እናቶቻችን በየበሩ በሚንጋጋ የውሻ መንጋ መሐል በድንጋይ እየተከላከሉ ማለፍ የለባቸውም።

የእኛ ሐሳብ ግልጽ ነው። ቡችላ ለማሳደግ፣ ለማስከተብና ቤት ለመፈለግ ጊዜና ገንዘብ የሌለው ቤት ውሻውን ያስመክን። በእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ የሚደረግ የታወቀ ሥራ ነው። «አንድ ጊዜ ካልወለደች ትታመማለች» የሚባለው እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ያልመከነች ውሻ ስታረጅ ማኅፀኗ መግል ቋጥሮ የሚገድላት ጊዜ አለ። «ወንዱ ከተኮላሸ መጮህ ይተዋል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ግቢውን መጠበቁን አይተውም፤ ሴት ፍለጋ መጥፋቱን ግን ይቀንሳል። «ተፈጥሮዋን መከልከል ኃጢአት ነው» ለሚሉን አባቶች ክብር አለን፤ ግን ያን ካርቶን በዓይናችን አይተናል፣ የትኛው እንደሚከብድ ለራሳችን ፈርደናል። ዋጋው ለሁሉም ቤት ቀላል እንዳልሆነም እናውቃለን። ለዚህ ሲባል ማኅበሩ በአንድ ቀን ብዙ ውሻ ለማስተናገድ ከሐኪም ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ወጪውም በጋራ ሲሆን ይቀላል።

ከዚህ ወር ጀምሮ በእድሩ ቤት የውሻ መዝገብ ተከፍቷል። የሚጻፈው የግቢው ቁጥር፣ የውሻው ፆታና መልክ፣ የተከተበበት ቀን ነው። ውሻው ያረገዘችበት ሰውም ሳይፈራ ያስመዝግብ፤ አንቀጣም፣ አንሳደብም፤ ገና ሳይወለዱ ፈላጊ እናፈላልጋለን። መዝገቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተመዘገበችው የኮሚቴ አባላችን ውሻ ናት።

የቀረ አንድ ጉዳይ አለን። ከካርቶኑ ከተረፉት አራት ቡችሎች አንዱ ልጅቷን ነክሶ የጠፋው ነው፤ አንዱን መኪና ገጨው፤ አንዱ በሥጋ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ታስሮና ተከትቦ በደህና ይኖራል። አራተኛዋ ሴት ናት። ቡላ ናት፣ ደረቷ ላይ ነጭ አለባት፤ በዳቦ ቤቱ በር ትተኛለች፣ አምስት ቤት ያበላታል፣ የማንም አይደለችም። አሁን ስድስት ወሯ ነው። ለማስከተቢያዋና ለማስመከኛዋ የሚያስፈልገውን አባላችን ከኪሳቸው ሰጥተዋል። የጎደለን ከሐኪም ስትመለስ ስፌቷ እስኪድን ለሁለት ሳምንት ያህል በግቢው ውስጥ የሚያሳድራት አንድ ቤት ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ በመጪው ቅዳሜ በመዝገቡ ሰዓት እድሩ ቤት ብቅ ብላችሁ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሆዷ መግፋት ሳይጀምር ቢሆን ይመረጣል።